የትምህርት ጉዞና የሙያ ቀን፦ ተረትና እውነታ

ተረት፦ የትምህርት ጉዞ ሽርሽር ነው፤ ትምህርት ያስፈታል።

ሽርሽር የሚሆነው ሳይዘጋጁበት ሲወጡ ነው። አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም እንውሰድ። ተማሪዎች የድንቅነሽን (የሉሲን) አጽም ዐይተው፣ ፎቶ ተነሥተው ቢወጡ ትርፋቸው ያው ፎቶው ነው። «ይህች አጽም እዚህ እስክትቆም የስንት ባለሙያ እጅ አረፈባት?» የሚል ጥያቄ ይዘው ቢገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ አጥንቷን ያገኟት ተመራማሪዎች መሬት መሬቱን እያዩ ቅሪተ አካል የሚለቅሙ ናቸው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የተሰላው በአካባቢው ደለል መካከል የተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ ነው፤ ይህ ኬሚስትሪና ፊዚክስ የሚያውቅ የሥነ ምድር ባለሙያ ሥራ ነው። በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር የተነበበው ከዳሌዋና ከጉልበቷ አጥንት ቅርጽ ነው። ጎብኚ የሚያየውም ቅጂዋን ስለሆነ፣ ያንን ቅጂ አስመስሎ የሠራ እጅም አለ። የጥበቃ ባለሙያውና አስጎብኚው ሲጨመሩ ባዮሎጂ እየወደደች «ሐኪም መሆን ግን አልፈልግም» ለምትል ልጅ ስንት መንገድ እንደሚከፈት አስቡት።

ተረት፦ የሙያ ቀን ለ12ኛ ክፍል ነው።

ያኔ ረፍዷል። ተማሪው ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ የሚለየው 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው። ብዙዎች የሚመርጡት ጓደኛቸውን ተከትለው ወይም ቤተሰብ ስለፈለገ ነው። ዝግጅቱ የሚያስፈልገው 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ነው።

ተረት፦ የሙያ ቀን ማለት ሐኪምና መሐንዲስ ጋብዞ ጎበዞቹን ማበረታታት ነው።

ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በተደረገው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። መድረኩ ላይ ሐኪምና መሐንዲስ ብቻ ከተቀመጡ፣ አዳራሹን ለሞላው ተማሪ የተነገረው የሌላ ሰው ታሪክ ነው። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ በቴክኒክና ሙያ ተምሮ የራሱን ጋራዥ የከፈተ ወጣት አብረው ይቀመጡ።

ጥያቄውም ይስተካከል። «እንዴት ለስኬት በቁ?» ሲባል የሚመጣው መልስ «ጠንክሩ፣ ተስፋ አትቁረጡ» ነው። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ሲሠሩ ዋሉ? ከሥራው የሚያስጠላዎት የቱ ነው? ሲጀምሩ ምን ያህል ይከፈልዎት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን እንግዳው የሥራውን እውነተኛ መልክ ይናገራል። ተማሪዎቹ ጥያቄዎቹን ከክፍል ኃላፊ መምህራቸው ጋር አስቀድመው ጽፈው ይምጡ።

ተረት፦ ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት አይችለውም።

ጤና ጣቢያው፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቱ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ አብዛኛውን ጊዜ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። የሚያስፈልገው ደብዳቤ፣ አንድ ከሰዓት በኋላና አብሮ የሚሄድ መምህር ነው።

ርዕሰ መምህራንና የወላጅ ተወካዮች፣ የዘንድሮውን የሙያ ቀን ስታቅዱ የተጋባዦቹን ዝርዝር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ዩኒቨርሲቲ ለማይገባው ተማሪ የሚናገር አንድም ሰው ከሌለበት፣ ግብዣው ሳይላክ ዝርዝሩን አስተካክሉት።