የሰመጠ አርማታ በበረሃ ከተማ

ላስ ቬጋስ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 106 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ እጥፍ በላይ ይዘንብባታል። እንዲህ ባለ ደረቅ ከተማ ቤት የገዛ ሰው ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ውሃ አይጨነቅም። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን በጓሮ በር ሲወጣ እግሩ ካልጠበቀው ዝቅታ ላይ ያርፋል። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከግድግዳው ጋር ገጥሞ የነበረው አርማታ ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምንሰጠው ፍርድ «ሲሚንቶ አሳንሰውበት ነው» የሚል ነው።

አርማታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው። የወረደው ከሥሩ ያለው አፈር ነው፤ አፈሩን ያወረደው ደግሞ ውሃ ነው። እሱም ከሰማይ የመጣ ብቻ አይደለም፤ እኛው በቱቦ ያመጣነውም አለበት።

ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። የጓሮዬን በረንዳ አንድ ድርጅት ጠርቼ አስነሣሁት፤ በግማሽ ቀን ተስተካክሎ አደረና ደስ አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሶ ሰመጠ። ያን ሰሞን ሊጠይቁን የመጡት የባለቤቴ አጎት አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ዘመን በግንበኝነት የሠሩ ሰው ናቸው። ቡናቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ዞር ዞር አሉና «ልጄ፣ በዚህ ሁሉ በረሃ ሣሩ ለምን እዚህ ብቻ በቀለ?» አሉኝ። ከአርማታው ጠርዝ ሥር አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነበረች፤ በየቀኑ እያየኋት ምንም አላለችኝም። ስንቆፍር የሮማን ዛፏን የምታጠጣው ጠብታ ቱቦ ተሰንጥቃ ኖሯል። ድርጅቱ አርማታውን በደንብ አንሥቷል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

አጎታችን ውሃውን በትክክል ቢያገኙትም የአፈሩን ጠባይ ግን እንደ አገር ቤቱ ነበር ያሰቡት። የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው ግንበኛ ጥቁሩን አውጥቶ በገረጋንቲ የሚተካው። የሚያብጥ ሸክላ በኔቫዳዋ ላስ ቬጋስም በአሪዞናዋ ፊኒክስም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ያን ጊዜ አርማታው ወደ ላይ ይገፋል። በብዛት የሚያስቸግረው ግን ሌላው ዓይነት ነው፤ ሲረጥብ የሚወርድ፣ ሲደርቅም ተመልሶ የማይነሣ አፈር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእነዚህ ሸለቆዎች ያለው አፈር በብዙው ከተራራ በደራሽ ውሃ ወርዶ ሜዳው ላይ የተዘረጋ ነው። ጎርፉ አፈሩን ጥሎ ወዲያው ይደርቃል፤ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ሳይደላደሉ ባሉበት ይቀራሉ። በጣሳ የተሰፈረ እህልን አስቡ፤ ጣሳው ካልተነቀነቀ ሙሉ ይመስላል እንጂ በየመሃሉ ባዶ ቦታ አለ። የበረሃውን አፈር ቅንጣት ከቅንጣት አጣብቆ የያዘው ትንሽ ሸክላ፣ ኖራማ ነገርና ጨው ነው። ደረቅ ሆኖ ሳለ ቤት ይሸከማል፤ በመዶሻ ቢመቱትም ጠንካራ ነው። ውሃ ሲገባበት ማጣበቂያው ይለቃል፣ ጣሳው ተነቀነቀ ማለት ነው፣ አፈሩም በራሱ ክብደት ይወርዳል። ላስ ቬጋስ አካባቢ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ጀሶ አለ፤ እሱን ውሃ ያሟሟዋል።

ካሊቼ የሚባለው ድርብርብ ነገሩን ያወሳስበዋል። ይህ በኖራማ ማዕድን ተጋግሮ እንደ አርማታ የጠነከረ የመሬት ንጣፍ ነው፤ ገንዳ ለማስቆፈር የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ የወረደ ውሃ እሱ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ቱቦው የሚያፈሰው እዚህ ሆኖ አርማታው የሚሰምጠው ከዚያ ማዶ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚሰምጠው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘው ክፍል መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። ቤቱ ሲሠራ ለመሠረቱና ለቱቦዎቹ የተቆፈረው አፈር ተመልሶ ይሞላል። ሥራው ሲጣደፍ በደንብ አይጠቀጠቅም፤ በላዩ አርማታ ፈስሶ ይሸፈናል። ያ ሙሌት ሲወርድ አርማታው ወደ ቤቱ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ አርማታ ደግሞ የሚቀጥለውን ውሃ ሁሉ ወደ ግድግዳው ይልካል። በየጊዜው የሚብሰው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ውሃውን ፈልጉ። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ተመልከቱ። እየዞረች ከሆነ ውሃ አንድ ቦታ ይወጣል። ከዚያ የአትክልት ውሃውን በየክፍሉ አንድ በአንድ ከፍታችሁ በእግር ዙሩ፤ የጠብታ መስመር የሚያፈሰው ሲከፈት ብቻ ስለሆነ በቆጣሪ ብቻ ላይያዝ ይችላል። የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ የሚንጠባጠብባትን ቀጭን ቧንቧም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ሥር ነው የምትተፋው። የበረሃ ቤቶች ብዙዎቹ አሸንዳ የላቸውም፤ የጣራው ውሃ በሙሉ አንድ መስመር ላይ ይወርዳል። «ዝናብ የለም» የሚሉ ሰዎች ይረሳሉ እንጂ በዚህ አገር ሞንሱን የሚሉት ወቅት ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ማለቂያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አለ፤ ሲመጣ ለግማሽ ሰዓት መጥቶ ጓሮውን ኩሬ የሚያደርግ ዝናብ ነው።

አርማታውን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት። ድፍን ድምፅ ከሰጠ አፈሩ ነክቶታል፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ከሥሩ ባዶ ነው። ረጅም ጠፍጣፋ መፍቻ ጠርዙ ላይ ወደ መሬት ስትወጉ ያለ ትግል ከገባና እርጥብ ሆኖ ከወጣ፣ ፍለጋችሁ እዚያ ይጀምር። ውሃ ልክ አስቀምጡበት፣ ከፍታውን በእርሳስ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑንም ጻፉ። ውሃውን ከዘጋችሁ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ጠብቁ፤ ምልክቱ ካልተንቀሳቀሰ መሬቱ አርፏል።

ጥገናው የሚለየው እንደ ጉዳቱ መጠን ነው። የአሜሪካ የተደራሽነት ደንብ በመተላለፊያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚፈቅደው የከፍታ ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ያደናቅፋል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና መሬቱ ካረፈ፣ ከፍ ያለውን ጠርዝ በመፍጫ ማሽን ማስላጥ ይበቃል። በሰመጠው ላይ ሊሾ ደርቦ ማስተካከልን ግን አልመክርም። እኛ ሠፈር ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ ቀጭን ሊሾ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይሰነጠቃል፣ ይላጣል፣ ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታም አይሞላም።

አርማታው ሳይሰባበር ከሰመጠ ይነሣል። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሦስት በሦስት ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ከ2 ቶን በላይ ነው ማለት ነው። ይህን የሚያነሣው በተበሱ ቀዳዳዎች ከሥር በግፊት የሚገባ ነገር ነው። የቆየው ዘዴ አፈር ወይም አሸዋ ከሲሚንቶና ከውሃ ጋር እንደ ሊጥ በጥብጦ መግፋት ነው። ርካሽ ነው። ቀዳዳዎቹ ግን 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ድብልቁም ከባድ ስለሆነ በደከመው መሬት ላይ ተጨማሪ ሸክም ይጥላል። ሲረጥብ ለሚወርድ አፈር እርጥብ ሊጥ ማቅረብ ደስ አይለኝም።

አዲሱ ዘዴ ፖሊዩሬቴን ፎም ነው። ቀዳዳው 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የገባው ፈሳሽ ወዲያው ይነፋና ያነሣዋል፣ በሩብ ሰዓት ገደማም ይጠነክራል። በኪዩቢክ ሜትር ከ32 እስከ 64 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሚመዝን መሬቱን አያስጨንቅም፣ ውሃም አያሟሟውም። ዋጋው ከፍ ይላል። ሁለት ድክመት አለው፤ ፀሐይ ካየ ይበላሻል፣ ስለዚህ ጠርዝ ላይ የወጣው በአፈር መሸፈን አለበት። ሌላው፣ ከልክ በላይ ከተነሣ መመለሻ የለውም። ጥሩ ሠራተኛ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር እየለካ ያነሣል እንጂ በአንድ ቀዳዳ አያሳብጥም። የግድግዳው ልስን ከታች የሚያበቃበትን የብረት ጠርዝም እንዳይቀብረው ተጠንቀቁ፤ ያ ጠርዝ ከአርማታ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፣ በልስኑ ውስጥ የገባ ውሃ የሚወጣው በእሱ ነውና።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገር። በላስ ቬጋስና በፊኒክስ የብዙ ቤቶች ወለል ውስጥ የተወጠረ የብረት ገመድ አለ፤ እያንዳንዱ ገመድ ከ10 ቶን በላይ በሚሆን ኃይል የተሳበ ነው። የጋራዡን ወለል እዩ፤ እንዳትቆርጡ ወይም እንዳትበሱ የሚያስጠነቅቅ ማኅተም ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀርጿል። የሰመጠው በረንዳ ወይም የእግር መንገድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይመለከተውም። ጋራዥ ወይም የቤት ወለል ከሆነ ግን ገመዶቹ በመሣሪያ ሳይፈለጉ ማንም መሰርሰሪያ አያሳርፍበት። የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል።

አርማታው ከአራት ቁራጭ በላይ ሆኖ ከተሰባበረ ማንሣቱ ገንዘብ ማባከን ነው። አፍርሱት፣ መሬቱን በጥቂት በጥቂቱ እያረጠባችሁ ጠቅጥቁት፣ ከዚያ አዲስ አፍስሱ። በደቡብ ኔቫዳ አፈር ውስጥ ሲሚንቶን የሚበላ ሰልፌት ስላለ ዓይነት አምስት የሚባለውን ሰልፌት የሚቋቋም ሲሚንቶ ጠይቁ። በጋ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ይፈስ፤ ላስ ቬጋስ ሐምሌ 2024 ላይ 48.9 ዲግሪ ደርሳለች፣ በዚያ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ የፈሰሰ አርማታ ገና ሳይስተካከል ይደርቃል። ከዚያ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ይቆይ።

ቤቱ ራሱ ሲንቀሳቀስ ነገሩ ሌላ ነው። ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ከወጣ፣ በሮች መዘጋት እምቢ ካሉ፣ አርማታ አንሺ ሳይሆን መሐንዲስ ይጠራ። ሰሜን ላስ ቬጋስ ውስጥ ዊንዘር ፓርክ የሚባል ሠፈር አለ፤ የከርሰ ምድር ውሃ ለአሥርተ ዓመታት ሲሳብ መሬቱ ወርዶ ቤቶቹን ሰነጣጠቃቸው፣ የኔቫዳ ግዛትም ነዋሪዎቹን ሌላ ቦታ የሚያሰፍር ሕግ በ2023 አወጣች። እንዲህ ያለውን በቀዳዳ የሚገባ ፎም አያስተካክለውም።

ከጥገናው በኋላ ፉጋዎቹን የስፖንጅ ገመድ አስገብታችሁ በሚለጠጥ ማጣበቂያ ድፈኑ፤ ውሃ የሚገባው በእነሱ ነው። አርማታው ከቤቱ እየራቀ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ ባዶ አፈር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች 15 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። የዛፉን ጠብታ ከግድግዳው አርቁ። ሠራተኛ ስትቀጥሩ በኔቫዳ የስቴት ኮንትራክተርስ ቦርድ፣ በአሪዞና ሬጅስትራር ኦፍ ኮንትራክተርስ ላይ ፈቃዱን ፈትሹ፤ ኤች ኦ ኤ የሚባለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለባችሁም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቅጣቱ ከጥገናው እንዳይበልጥ። የዋስትና ወረቀቱንም እስከ ታች አንብቡት። ብዙዎቹ በቱቦ ፍሳሽ ምክንያት ተመልሶ የሰመጠውን አይሸፍኑም፤ የኔም አልሸፈነልኝም።