ባዜቃና ማግኔት የመዞርን ፍጥነት ሲለኩ

በጎጃም የመሬት ልክ ቀላል ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገበሬው መሬቴ አይለካም ብሎ መነሣቱ የታወቀ ነው። ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የሚታየው የበቆሎ፥ የጤፍና የበርበሬ ማሳ ከሰማይ ፎቶግራፍ ሊነሣ ይችላል። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና አስመጥቃለች።

ይሁን እንጂ የፎቶግራፍ አንሺ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሥዕሉ እንደሚበላሽ ሁሉ፥ የሳተላይትም መንቀጥቀጥ ሥዕሏን ያበላሻል። 600 ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ የምትዞር ሳተላይት የአንድ ዲግሪ አንድ ሺኛ ያህል ዘወር ብትል፥ የምታየው ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር ያህል ይሸሻል። ይህም ለቡሬ ገበሬ ከራሱ በርበሬ ወደ ጎረቤቱ በቆሎ መሻገር ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጥቂት መዞር በምን ይለካል? ከመሣሪያዎቹ አንዱ በፈሳሽና በማግኔት የሚሠራው ነው። ጠባዩን ማንኛውም ተማሪ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። በክብ ጣሳ ውሃ ሞልቶ፥ አንዲት ጭድ ጣል አድርጎ፥ ጣሳውን ባለበት ፈጠን አድርጎ ማዞር ነው። ጣሳው ይዞራል፤ ጭዷ ግን ከውሃው ጋር ባለችበት ትቀራለች።

በመሣሪያው ውስጥ በውሃው ፈንታ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ፥ ለምሳሌ ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ፥ እንደ ቀለበት ባለ ቦይ ይሞላል። ማግኔቱ ከዕቃው ጋር ተያይዞ አብሮ ይዞራል፤ ባዜቃው ግን ወደ ኋላ ይቀራል። እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 እንዳሳየው፥ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነገርና ማግኔት አንዱ ካንዱ አንጻር ሲንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። መዞሩ በፈጠነ መጠን ኤሌክትሪኩም ስለሚጨምር፥ እርሱን የለካ የመዞሩን ፍጥነት ለካ ማለት ነው። መሣሪያው የሚሽከረከር ኩሽኔታ ስለሌለው በመፋተግ አያልቅም።

ነገር ግን ጣሳው ዝግ ብሎ ለረጅም ጊዜ ቢዞር ውሃው ቀስ በቀስ አብሮት መዞር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጭዷ ምስክር መሆኗ ይቀራል። ባዜቃውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ፈጣኑን መንቀጥቀጥ እንጂ ዝግተኛውን መዞር አያውቅም፤ ዝግተኛውን የሚለካ ጂሮስኮፕ የተባለ ሌላ መሣሪያ ያግዘዋል። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ላዲ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በጨረቃ ዙሪያ ሆና፥ ከ385 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በሌዘር ብርሃን ወደ ምድር መልእክት ስትልክ፥ ቀጭኑ ጨረር እንዳይናወጥ ከረዱት አንዱ ይኸው በባዜቃና በማግኔት ጥበብ የሚሠራ መሣሪያ ነበር።

እንግዲህ የማሳ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ የሚቀርብለት ወጣት ሹም፥ ስለ ሰብሉ ከመጻፉ አስቀድሞ ሥዕሉ ሲነሣ መንቀጥቀጡ በምን እንደ ተለካና እንዴት እንደ ታረመ ይጠይቅ። መሣሪያ ሁሉ የሚያየውና የማያየው አለው፤ ይህን ለይቶ ያላወቀ ሰው በአንድ ብዕር ጭረት የአንዱን ምርት ለሌላው ሊጽፍ ይችላል።