የኪሎ ወገን የእሳት እራቶች አመዳደብ

በቆሎና ማሽላ የሚያመርት ገበሬ አገዳውን ሰንጥቆ ውስጡን የቦረቦረውን ትል ሲያገኝ «አገዳ ቆርቁር» ይለዋል። ስሙ የትሉን ሥራ በሚገባ ይገልጻል፤ የማን ዘር እንደሆነ ግን አይናገርም። በአገራችን በእነዚህ ሰብሎች ላይ ጉዳት ከሚያደርሱት አገዳ ቆርቁሮች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። በደጋውና በወይና ደጋው ቡሴዮላ ፉስካ፣ በቆላው ደግሞ ከእስያ ወደ አፍሪካ የገባው ኪሎ ፓርቴሉስ ይበዛል። ሁለቱም አድገው ክንፍ ሲያወጡ የእሳት እራት ይሆናሉ፤ ዝምድናቸው ግን የራቀ ነው።

ኪሎ (ከሚዛኑ ኪሎ ጋር አይገናኝም) እ.ኤ.አ. በ1817 ዚንከን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የሰየመው ወገን ነው። ወገን ማለት በቅርብ የሚዛመዱ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት መደብ ሲሆን፣ ወገኖችም በበኩላቸው በቤተሰብ ይጠቃለላሉ። የኪሎ ወገን እራቶች ከአፋቸው ተነሥቶ እንደ መንቁር ወደ ፊት የሾለ ዳሳሽ ስላላቸው፣ ፒራሊዴ ከሚባለው የባለ መንቁር እራቶች ቤተሰብ ተቆጥረው ለብዙ ጊዜ ኖረዋል። በኋላ ግን ሊቃውንቱ ከመንቁሩ ይልቅ ጆሮውን መረመሩ። የእነዚህ እራቶች ጆሮ የሚገኘው፣ እንግዳ ቢመስልም፣ በሆዳቸው መነሻ ላይ ነው። ጆሮው ያለበት ጎድጓዳ ስፍራ በአንዳንዶቹ ዝግ፣ በሌሎቹ ክፍት ሆኖ ተገኘ። በዚህና በመሰል ምልክቶች ክፍቶቹ ተለይተው ክራምቢዴ የተባለ ቤተሰብ ሲሆኑ፣ ኪሎም ከእነርሱ ጋር ተመደበ።

በወገኑ ውስጥ ያሉትን ዝርያዎች መለየት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ብዙዎቹ ገለባ መሳይ ስለሆኑ የክንፋቸው ቀለም ያሳስታል። ስለዚህ ብሌሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1970 የዓለምን የኪሎ ዝርያዎች እንደገና ሲመድብ የመራቢያ አካላቸውን ቅርፅ መሠረት አደረገ።

ቡሴዮላ ፉስካ ኖክቱይዴ ከተባለ ሌላ ቤተሰብ ነው። ትሉ ጀርባው ላይ እንደ ኪሎ ትል ጎልተው የተሰለፉ ጠቃጠቆዎች የሉትም። ልዩነቱ ለስም ብቻ የሚጠቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የምትባል ትንሽ ተርብ ከፓኪስታን መጥታ በኬንያ የባሕር ጠረፍ ተለቀቀች። ተርቧ በኪሎ ትል ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ጫጩቶቿም ትሉን ከውስጥ እየበሉ አድገው ይገድሉታል። እንቁላሏን በቡሴዮላ ትል ውስጥ ስትጥል ግን የትሉ የደም ሕዋሳት እንቁላሉን ከበው ያፍኑታል። የአፍሪካ ተወላጅ የሆነችው ዘመዷ ኮቴሲያ ሴሳሚዬ በቡሴዮላ ውስጥ ማደግ ትችላለች፤ እርሷም ብትሆን የኪታሌዋ ሲሳካላት የሞምባሳዋ አይሳካላትም።