እግር ቢቆረጥ ሥራ አይቆረጥም

ሰው እግሩን ሲያጣ ምን ያጣል? «አንድ እግር ነዋ!» ልንል እንችል ይሆናል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ከጅጅጋ ተነሥተን ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ ሐርሺን ወይም ወደ አውበሬ ብንሄድ የሰው ኑሮ በእግሩ ላይ የቆመ መሆኑን እናያለን። ግመል ጠባቂው ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። ወተት ሻጯ ዕቃዋን ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች። አራሹ ከበሬዎቹ ኋላ ይሄዳል። በዚህ አገር እግሩን ያጣ ሰው እንጀራውንም፣ በሰው መካከል የነበረውንም ቦታ አብሮ ያጣ ይመስለዋል።

ይህ ግን እውነት አይደለም። እግሩን ያጣ ሰው ተመልሶ ሊሠራ፣ ቤተሰብ ሊያስተዳድርና ለሌላው ሊተርፍ ይችላል። ይህ እንዲሆን ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነርሱም የተቆረጠውን አካል መንከባከብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መንቀሳቀስና ሥራ መያዝ ናቸው። እስቲ ተራ በተራ እንያቸው።

እግር ለምን ይቆረጣል?

በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው እግሩን ያጣው በፈንጂ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተደረገው ጦርነት ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተያዘች። በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመልሳ በኢትዮጵያ ጦር እጅ ገባች። የካራማራ ተራራ መተላለፊያ የዚያ ውጊያ ዋና ቦታ ነበር። በዚያ ዘመን በየመንገዱና በየድንበሩ ፈንጂ ተቀበረ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በሐርጌሳና በአካባቢዋ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ስደተኞች ድንበር ተሻግረው ሐርትሼክ ሰፈሩ። ከእነርሱም መካከል በፈንጂ የቆሰሉ ነበሩ።

ፈንጂ ሰላም መውረዱን አያውቅም። ወታደሩ አገሩ ከገባ በኋላ እንኳ እንጨት ለቃሚዋንና እረኛውን ልጅ ይጠብቃል። በሰሜን ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት በፊት ፈንጂ አለባቸው ተብለው ከተመዘገቡት የአገራችን ቦታዎች አብዛኞቹ የሚገኙት በሶማሌ ክልል ነበር።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። አንዱ የመኪና አደጋ ነው። ሌላው የስኳር በሽታ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ ቁስሉ ሳይሰማው ይመረቅዛል። ሦስተኛው ምክንያት በብዙ ቤት ያለ ነው። ልጅ ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር ወጌሻ ዘንድ ይወሰዳል። ወጌሻው ቀርከሃውን አጥብቆ ሲያስረው ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ሥጋውም ይሞታል። ስለዚህ የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ! ልጁም ቶሎ ወደ ጤና ድርጅት ይወሰድ። ነገ እንወስደዋለን ብሎ ማሳደር እግሩን ሊያስቆርጥ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈውን አካል «ቀሪ እግር» እንበለው። ሰውየው ወደፊት በደንብ መሄድ መቻሉን በብዙው የሚወስኑት እነዚህ የመጀመሪያ ወራት ናቸው። ለምን ቢባል፣ ቀሪው እግር ያብጣል፤ መገጣጠሚያውም ታጥፎ ሊደርቅ ይችላል። የደረቀ ጉልበት ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር አይቀበልም። ስለዚህ የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል።

አንደኛ፣ ሐኪሙ ባሳየው መንገድ ቀሪውን እግር በሚለጠጥ ፋሻ መጠቅለል ነው። ፋሻው ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ይላል። እንዲህ ሲሆን እብጠቱ ይቀንሳል፤ ቅርጹም ይስተካከላል።

ሁለተኛ፣ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ትራስ ከጉልበቱ ሥር አያድርግ። ትራሱ ለጊዜው ደስ ይላል፤ ጉልበቱን ግን አጥፎ ያስቀረዋል። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል በሆዱ ይተኛ። ይህም ዳሌው ታጥፎ እንዳይቀር ይረዳዋል።

ሦስተኛ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቀሪውን እግር ማታ ማታ በውኃና በሳሙና ማጠብና በሚገባ ማድረቅ ነው። በመስተዋት ከሥሩ ማየትም ያስፈልጋል። የቀላ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ ሰው ሠራሹ እግር እስኪድን ድረስ አይጠለቅም።

አራተኛ፣ ደኅነኛውን እግር መጠበቅ ነው። ከእንግዲህ የሁለቱን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነውና!

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው አፍሮ የሚደብቀው ነገር አለ። የተቆረጠው እግር ያሳክካል፣ ያማል፣ ጣቱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ሰውየው «አበድኩ ወይስ ጂኒ ያዘኝ?» ይላል። አላበደም፤ ጂኒም አልያዘውም። አንጎል የእግሩን መቆረጥ ቶሎ አይቀበልም። ድሮ ከእግሩ ይመጣ የነበረውን ስሜት እንዳለ አድርጎ ይቆጥረዋል። ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ቀሪውን እግር ማሸትና ማንቀሳቀስ ይረዳል። ሌላም ዘዴ አለ። መስተዋት በሁለቱ እግሮች መካከል ይቆማል። ሰውየው በመስተዋቱ ውስጥ የደኅነኛውን እግር መልክ እያየ ያንቀሳቅሰዋል። አንጎሉም ሁለት እግር ያየ መስሎት ሕመሙን የሚያስታግስበት ጊዜ አለ። ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ሐኪም ማማከር ነው።

ክራንችና ሰው ሠራሽ እግር

ክራንች አናጢ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ልኩን ግን ማወቅ ይገባል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም በክራንቹ አናትና በብብቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር። ክብደቱ የሚያርፈው በመዳፉ ላይ ነው። በብብት መንጠልጠል ጅማትን ይጎዳል፤ እጅንም ያደነዝዛል።

ሰው ሠራሽ እግር እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ ባለሙያው የቀሪውን እግር ቅርጽ በጄሶ ይወስዳል። በዚያ ልክ ከፕላስቲክ ማቀፊያ ይሠራል። ከማቀፊያው በታች ዘንጉና ከጎማ የተሠራ የእግር መርገጫ ይያያዛሉ። ከዚያ ሰውየው በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል እየተደገፈ መራመድን ይማራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጊዜ ሲያልፍ ቀሪው እግር ይከሳል፤ ዕቃውም ያልቃል። ስለዚህ አዋቂ ሰው በየጥቂት ዓመቱ፣ የሚያድግ ልጅ ግን ከዚያ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት።

ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ይህን የመሰለ ሥራ በኢትዮጵያ መርዳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከጊዜ በኋላ በድሬዳዋ፣ በሐረርና በጅጅጋም የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ተቋቁመዋል። እግሩን ያጣ ሰው በአቅራቢያው ያለውን ሆስፒታል «የአካል ተሃድሶ ማዕከል ላኩኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ሰው ሠራሽ እግር ከአገር ልማድ ጋር መስማማት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ ራም ቻንድራ ሻርማ የሚባል የእጅ ባለሙያና ዶክተር ሴቲ የሚባሉ ሐኪም አንድ የጎማ እግር ሠሩ። ከውጭ የሚመጣው እግር ጫማ ይፈልጋል፤ ቁጢጥም አያስብልም ነበር። የጃይፑሩ እግር ግን በባዶ እግር ያስኬዳል፤ ቁጢጥ ያስብላል፤ መሬት ላይም ያስቀምጣል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ለሚበላና ለሚሰግድ የጅጅጋ ሰውም ጉዳዩ ይኸው ነው። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ሁሉም ያውቃል።

ሥራ

ሰው ሠራሽ እግር ሰውን ያቆመዋል፤ የሚያራምደው ግን ሥራ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ያገኘውን እግር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይተኛል። ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ሐሳብም ይበላዋል።

ታዲያ ምን ይሥራ? ልብስ ስፌት፣ ጫማ ጥገና፣ ራዲዮና ስልክ ጥገና፣ ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ የዶሮና የፍየል እርባታ አለ። በሐርሺን በኩል የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ቢርካ አለ። ቢርካውን የሚጠብቅ፣ ማን ስንት በርሜል እንደቀዳ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። በቶጎ ውጫሌ ገበያ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። እነዚህ ሥራዎች ከእግር ይልቅ ፊደልንና ቁጥርን ይጠይቃሉ። እንግዲህ እግሩን ላጣ ሰው ማንበብና መጻፍ እንደ ሁለተኛ እግር ሊሆነው ይችላል።

ስፖርትም አይቅር። በክራንች የሚጫወቱት እግር ኳስ አለ። ሜዳ ውስጥ የሚሮጡት አንድ እግር ያላቸው ናቸው፤ በረኛው ደግሞ አንድ እጅ ያለው ነው።

ሁለት ምሳሌዎች

ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈ ጀግና ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሁለት እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። እግሮቹ አልተቆረጡም፤ መሮጥ ግን ቀረ። በዓለም ሁሉ በእግሩ የታወቀ ሰው ከእንግዲህ ምን ይሁን? አበበ በእጁ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ።

ሁለተኛው የካምቦዲያው ቱን ቻናሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ወታደር ሳለ ፈንጂ ረግጦ ሁለቱንም እግሮቹን አጣ። በስደተኞች ሰፈር ሆኖ የእጅ ሙያ ተማረ፤ ለመሰሎቹም ተሽከርካሪ ወንበር መሥራት ያዘ። ፈንጂ እንዲከለከልም ከሌሎች ጋር ተከራከረ። በዚህ ትግል ፈንጂን የሚከለክለው የኦታዋ ስምምነት በ1990 ዓ.ም. ተፈረመ። የዘመቻው ኅብረት የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኝ ኦስሎ ሄዶ ከተቀበሉት አንዱ ቻናሬት ነበር። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1997 ዓ.ም. አጸደቀች።

የእኛ ድርሻ

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ይባላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ምጽዋት ብቻ ሲሆን ሰውን ያሰንፋል። «ምስኪን፣ አንተ ተቀመጥ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ውሎ ሲያድር ግን ሰውየውን ከሥራውና ከሸንጎው ያስወጣዋል። ይልቅስ እንዲህ እናድርግ። የሚችለውን ሥራ እንስጠው። ዕቁብና ዕድር ላይ እንጥራው፤ ሐሳቡንም እንጠይቀው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አናስቀር።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ምክንያት ሥራ እንዳይከለከል ይደነግጋል። የሕንፃ ሕግ ደግሞ ለሕዝብ የሚሠራ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች እንዲሆን ያዛል። መብቱን የሚያውቅ ሰው መብቱን ይጠይቃል።

በመጨረሻም ሌላ እግር እንዳይቆረጥ እንጠንቀቅ። እንግዳ የሆነ ብረት ካየን አንንካ፣ ድንጋይም አንወርውርበት። የረገጥነውን ዱካ ተከትለን እንመለስ። ሌላው ሰው እንዳይቀርብ እናስጠንቅቅ፤ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስም እንንገር።

ጥያቄዎች

1. ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ሰው ትራስ ከጉልበቱ ሥር ማድረግ የማይገባው ለምንድን ነው?
2. ክራንች ሲያዝ ክብደት የሚያርፈው በየት ላይ ነው?
3. በሰፈራችሁ እግሩን ወይም እጁን ያጣ ሰው ሊሠራቸው የሚችሉ ሦስት ሥራዎችን ጻፉ።
4. ለዚህ ሰው ሥራውን ለማስጀመር እናንተ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ተወያዩ።