የኤሌክትሮኒክ ቅጾች አሞላል፦ ተገልጋዮች በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

በርካታ የመንግሥት አገልግሎቶች በድረ ገጽና በስልክ መተግበሪያ አማካይነት በመሰጠት ላይ ይገኛሉ። የወረቀት ቅጽ የሚረከብ ሠራተኛ ስህተት ሲያይ ተገልጋዩን ጠይቆ ያርማል፤ ኮምፒዩተር ግን በአብዛኛው የተጻፈለትን እንዳለ ይመዘግባል። ከዚህም በላይ የብዙ ቅጾች አሠራር የተቀዳው የዘመንና የሰዓት አቆጣጠራቸው፣ እንዲሁም የስም አጻጻፋቸው ከኢትዮጵያ ከሚለይ አገሮች ነው። ስለሆነም ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ነጥቦች አስቀድሞ መረዳት ከእንግልት ያድናል።

የትውልድ ቀን በየትኛው የዘመን አቆጣጠር ይሞላል?

ቅጹ በሚጠይቀው አቆጣጠር ይሞላል። በቅጹ ላይ “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” የሚል ምልክት ከሌለ የወራቱን ዝርዝር መመልከት ይጠቅማል። ዝርዝሩ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 ወራትን ከያዘ የኢትዮጵያ፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ከሆነ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

ለምሳሌ ታኅሣሥ 25 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በተዘጋጀ ቅጽ ላይ 25/4/1990 ብሎ ቢሞላ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1990 እንደተወለደ ተደርጎ ይመዘገባል። ትክክለኛው ቀን ጃንዋሪ 3 ቀን 1998 በመሆኑ፣ የግለሰቡ ዕድሜ በመዝገብ ላይ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ይጨምራል። እንዲህ ያለው ልዩነት በትምህርት፣ በሥራ ቅጥርና በጡረታ ጉዳዮች ላይ ችግር ሊያስከትል ይችላል።

በሁሉም ወራት 8 ዓመት መደመርም ትክክል አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ስለዚህ ጥቅምት 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ኦክቶበር 15 ቀን 1997፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1998 ይሆናል።

“የቤተሰብ ስም” በሚለው ቦታ ምን ይጻፋል?

በኢትዮጵያ የተለመደው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ቅጹ ሁለት ቦታዎችን ብቻ ሲያቀርብ ተገልጋዩ በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን አከፋፈል ሳይለውጥ መከተል ይገባዋል። አጻጻፉም በሁሉም ሰነዶች አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል። “ኃይሉ” እና “ሀይሉ” ለአንባቢ አንድ ስም ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም እንዲሁ የአንድ ፊደል ልዩነት መዝገቦች እንዳይመሳከሩ ሊያደርግ ይችላል።

የቀጠሮ ሰዓት እንዴት ይነበባል?

በኢትዮጵያ የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ በመሆኑ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። በስልክ ሰዓት 9፡00 የተባለው የጠዋት ቀጠሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 14፡00 የተባለው ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። ቅጹ የትኛውን እንደሚጠቀም ሳይረጋገጥ ቀጠሮ መያዝ ተራን ሊያሳልፍ ይችላል።

የስልክ ቁጥር ለምን ተቀባይነት ያጣል?

የአገሪቱ መለያ 251 በሳጥኑ ላይ አስቀድሞ ከተጻፈ፣ የቁጥሩ መነሻ የሆነው ዜሮ ይቀራል። የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደዚህ ስልክ ስለሆነ ተገልጋዩ በእጁ የሚገኘውን ቁጥር ማስመዝገብ አለበት። የደረሰውን የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም መንገር የለበትም።

ቅጹ ከመላኩ በፊት ምን መታየት አለበት?

የኮከብ ምልክት ያለባቸው ቦታዎች የግድ የሚሞሉ ናቸው። በሳጥን ውስጥ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ጽሑፍ የአሞላል ምሳሌ እንጂ የተሞላ መረጃ አይደለም። “ላክ” የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን አንድን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ሊያስመዘግብ ስለሚችል ምላሹን በትዕግሥት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከተላከ በኋላ የሚሰጠውን የማመልከቻ ቁጥር መዝግቦ መያዝ ይገባል። ስህተት የተገኘ እንደሆነም ሌላ አዲስ ማመልከቻ ከማስገባት ይልቅ፣ ይህንኑ ቁጥርና ዋናውን ሰነድ ይዞ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ማሳወቅ ተገቢ ነው።