ከራጅ በፊት አውራ ጣት

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ከፍታው ከ2,700 ሜትር አካባቢ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በጋሞ ደጋ ሸክም ይዞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ድንጋይ ረግጦ እግሩን ወለም ቢለው ከሕመሙ ሌላ የሚወስነው ነገር አለ፤ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ ወይስ ቤቱ ሆኖ ያገግም? መሄዱ የመኪና ገንዘብ፣ የሥራ ቀንና ደግፎ የሚወስድ ሰው ይጠይቃል። ውሳኔውን የሚያቀለው ምርመራ ግን ማሽን አይፈልግም፤ የመርማሪው አውራ ጣት ይበቃል።

ወለምታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውስጥ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ያኔ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ከቁርጭምጭሚቱ ውጫዊ ጉብ አጥንት ተነስቶ ወደ ፊት የሚሄደው ጅማት ነው። ስለዚህ ከጉቡ ፊት ያለው ለስላሳ ቦታ ሲነካ ማመሙ የሚጠበቅ ነው። እብጠቱም እንቁላል ቢያክል እንኳ አጥንት ለመሰበሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

በካናዳ የኦታዋ ከተማ ዶክተር ኢያን ስቲልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ደንብ በጅማትና በአጥንት ሕመም መካከል ያለውን ልዩነት ይጠቀማል። በዚያ ዘመን ቁርጭምጭሚቱን ታሞ የመጣ ሁሉ ማለት ይቻላል ራጅ ይነሳ ነበር፤ ቁም ነገር ያለው ስብራት የሚገኝበት ግን ከመቶ 15 አይሞላም ነበር።

መርማሪው እብጠቱን አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከውጫዊው ጉብ ጫፍ ጀምሮ በአጥንቱ የኋላ ጠርዝ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ከአራት ጣት ስፋት ትንሽ ያነሰ ማለት ነው፣ እየተጫነ ይወጣል። «እዚህ ጋ ሲነካ ያምዎታል?» እያለ የታካሚውን ፊት ያያል። በውስጠኛው ጉብም እንዲሁ ያደርጋል። የኋላው ጠርዝ የተመረጠው ፊት ለፊት ያለው ሕመም ከጅማቱ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ሕመሙ መሀል እግር ላይ ከሆነ ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው አጥንት ከሥሩ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ወጣ ያለው አጥንት ይነካል። በመጨረሻ ታካሚው አራት እርምጃ ይራመዳል፤ እያነከሰም ቢሆን ይቆጠርለታል። ከእነዚህ አጥንቶች አንዱ ሲነካ ካመመው፣ ወይም እንደተጎዳም ምርመራው ላይም፣ በሁለቱም ጊዜ፣ አራት እርምጃ መሄድ ካቃተው ራጅ ይነሳ። አንዱም ከሌለ ራጅ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ15,000 በላይ ታካሚዎችን ደምሮ አይቷል። ደንቡ «ራጅ አያስፈልግም» ካላቸው ውስጥ ስብራት የተገኘባቸው ከመቶ 2 እንኳ አልሞሉም። በአንጻሩ «ራጅ ይነሳ» የተባለ ሁሉ ተሰብሯል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ደህና ሆነው ይገኛሉ። ትልቁ ጥቅሙ መሄድ የሌለበትን ሰው ማስቀረቱ ነው፤ እንደ ጋሞ ደጋ ላለ አገር ከዚህ የሚሻል ስጦታ አይታየኝም።

ደንቡ የማይሠራበት ሰው አለ፤ የሰከረ፣ በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ፣ ሌላ ከባድ ጉዳት ያለበት፣ ገና ሕፃን የሆነ። እግሩ የተጣመመ፣ የቀዘቀዘ ወይም ቆዳው የተቀደደ ደግሞ ምንም ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ቤት ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ በቅቤ ማሸቱም ተረታችን ውስጥ እስኪገባ የቆየ ልማድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥብቆ ማሸት ግን እብጠቱን ሊያባብስ ይችላል። እጅግ የሚያሳስበኝ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰሩ ነው፤ ደም እንዳይዘዋወር ሲከለክል እግር እስከ መቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው አይተዋል። የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስራቱ እዚያው ይፈታ።

ራጅ ጅማትን አያሳይም። «ራጁ ነፃ ነው» የተባለ ሰው ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ፣ እብጠቱ ሲጎድል፣ ቢታይ ይመረጣል፤ ያኔ የመርማሪው ጣት ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ አጥርቶ ይለያል። እስከዚያ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በልኩ በፋሻ መጠቅለል፣ ሕመሙ በፈቀደው መጠን ማንቀሳቀስ ይበቃል። ወደ ኳስ ወይም ወደ ሸክም ከመመለሱ በፊት ደግሞ በተጎዳው እግር ብቻ መቆምን ይለማመድ፤ ሚዛኑ ሳይመለስ ቁልቁለቱን የጀመረ ሰው ያው ቁርጭምጭሚት ዳግም ወለም ሊለው ይችላል።