ውሻው ከተኮላሸ ግቢ መጠበቅ ያቆማል እንዴ?

ከባልደረቦቻችን የአንዱ ቤት ሰሞኑን ክርክር ላይ ነው። ቦቢ የሚሉት ወንድ ውሻቸው የሰፈሩ ሴት ውሻ ስሪያ በፈለገች ቁጥር አጥር ዘሎ ይጠፋል። ባለፈው ከሦስት ቀን በኋላ ጆሮው ተቦጭቆ፣ እያነከሰ ተመለሰ። እናት «በቃ ይኮላሽ» አሉ። አባት ደግሞ «ሙክት ልታደርጉት ነው? ግቢውን ማን ሊጠብቅ?» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ እስቲ አብረን እንየው።

ማኮላሸት ማለት ሐኪም ውሻውን አደንዝዞ የዘር ፍሬዎቹን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን በዋናነት የሚመረተው እዚያ ነው። ፍሬዎቹ ሲወጡ ሆርሞኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣም ይወርዳል። ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም፣ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ምን ይቀንሳል?
በ1997 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 57 የተኮላሹ ወንድ ውሾችን አጥንተው ነበር። ከቤት እየጠፉ መዞር፣ በየቦታው ሽንት መርጨትና ሰው ላይም ሌላ ውሻ ላይም መውጣት፣ ከ10 ውሾች በ6ቱ ገደማ ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል። የውሻው ዕድሜ ውጤቱን አልቀየረውም። እንግዲህ «አርጅቷል፣ አይሠራም» የሚባለው ትክክል አይደለም።

ጥበቃውስ?
ግቢ መጠበቅ የሚመጣው ከዘሩ፣ ከአስተዳደጉ፣ ከሥልጠናውና ቤቴ ከሚለው ስሜት ነው። ሴት ውሻም እኮ ሌባ ሲመጣ ትጮሃለች። ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾችም አብዛኞቹ የተኮላሹ ናቸው፣ ሥራቸውን ግን በትጋት ይሠራሉ። ሩቅ ሳንሄድ፣ የተኮላሸ በሬ ሲያርስ አላየንም?

ግን ተአምር አንጠብቅ። ውሻው የሚናከሰው ፈርቶ ከሆነ ማኮላሸት ላይፈውሰው ይችላል፣ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። ለእሱ የሚያስፈልገው ሥልጠና ነው።

የአባት ስጋት ግማሹ ግን እውነት ነው። ከተኮላሸ በኋላ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል፣ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል። እንደ ድሮው እየመገብን ቀኑን ሙሉ ካሰርነው ይወፍራል፣ ይሰንፋል። ያኔ ያሰነፈው ቢላው ሳይሆን ሰሃኑና ሰንሰለቱ ነው። መጠኑን ቀነስ፣ እንቅስቃሴውን ጨመር ማድረግ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት
• እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ትልልቅ ዘሮች 1 ዓመት ሳይሞላቸው ሲኮላሹ የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛባቸው ጥናት አሳይቷል። ስለ ጊዜው ሐኪም አማክሩ።
• በባለሙያና በማደንዘዣ ብቻ ይሠራ። በሰፈር ዘዴ መሞከር ጭካኔም አደጋም ነው።
• ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊያስረግዝ ስለሚችል ከሴት ውሻ አርቁት።
• ማኮላሸት የእብድ ውሻ በሽታን አይከላከልም። ክትባቱ ለብቻው ያስፈልጋል።

ቦቢስ? ጆሮው እየዳነ ነው። አባት ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፣ ግን ጥያቄያቸው «ለምን?» ከሚለው ወደ «መቼ?» ተቀይሯል።

የእናንተ ቤት ውሻ ተኮላሽቷል? ምን ለውጥ አያችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ውሻ ላለው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።